«የሄይቲን የሟቾች ቁጥር የቱን ልውሰድ?» ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን ስለመታው የምድር መንቀጥቀጥ ለመመረቂያህ ትጽፋለህ። አንዱ ምንጭ 316 ሺህ ሰው ሞተ ይልሃል። ሌላው 158 ሺህ። ሌላው ደግሞ ከ46 ሺህ እስከ 85 ሺህ። አማካሪህ «አንዱን ምረጥና ቀጥል» ብሎሃል። እኔ አትምረጥ ነው የምልህ። እዚህ ጅማ ዙሪያ ለሞት ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ ሰብስቤያለሁ። በሰላሙ ቀን እንኳ ሟች መቁጠር ስንት ጣጣ እንዳለው አይቻለሁ። ከተማ ሲፈርስማ አስበው።

1. ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደቆጠረው ጻፍ። 316 ሺው የመንግሥት ነው፤ በአንደኛ ዓመቱ መታሰቢያ የተገለጸ። ያኔ ብዙ አስከሬን በገልባጭ መኪና እየተጫነ ከዋና ከተማው ወጣ ብሎ ቲታንየን በሚባል ቦታ በጅምላ ተቀብሯል፤ ስም የያዘም አልነበረም። 158 ሺው የተመራማሪዎች ነው። ከአደጋው በፊት አነጋግረዋቸው የነበሩ የዋና ከተማውን የፖርት ኦ ፕሪንስን ቤተሰቦች መልሰው ፈልገው «ማን ሞተባችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ለከተማው ሕዝብ በሙሉ አሰሉት። ዝቅተኛው ለአሜሪካ የልማት ድርጅት ከተሠራ ረቂቅ ጥናት የመጣ ነው፤ የፈረሱና ያልፈረሱ ቤቶች ነዋሪዎች የት እንደደረሱ እያጣራ የሄደ። ሦስቱም ቀዳዳ አላቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ያለቀበት ቤት ሄደህ ብታንኳኳ ማን ይከፍትልሃል?

2. ዝርዝር ላይ ዝርዝር አትደምር። እባክህን ይህቺን ያዝልኝ፤ የእኛ ጥናት ገደል ሊገባ የነበረው በዚህች ነው።

ሦስት ምንጭ ነበረን፦ የቀበሌ የሞት መዝገብ፣ የእድር መዝገብ እና የቤት ለቤት መጠይቅ። ለቀበሌው መዝገብ ደጅ ጠናን። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ደብዳቤ አምጡ» አለ። አመጣን። «ይሄ ለእኛ የተጻፈ አይደለም» አለ። አስቀይረን መጣን። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስለቆመው ሰው ጠይቅ፣ የሞተ ምን ያደርግልሃል?» ይህ ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። መዝገቡ ሲገኝ ደግሞ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሕዝቡ የሞት ምስክር ወረቀት የሚያወጣው ውርስ ወይም ጡረታ ሲኖር ነው። ሕፃን ሲሞት ማን ቀበሌ ይሄዳል?

የእድር መዝገብ ግን ሌላ ነው። ገንዘብ የሚከፈልበት ስለሆነ ሟች አያመልጠውም። ችግሩ ሲደጋግም ነው። አንዲት እናት የሰፈር እድር አለቻት፣ የሴቶች እድር አለቻት፣ ልጇ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ እድር አስመዝግቧታል። አንዱ መዝገብ ላይ ፋጡማ ተብላለች። ሌላው ላይ «የነስሩ እናት»። ሦስተኛው ላይ የነስሩ ስም ተጽፎ ጎኑ ላይ «እናት» ብቻ ይላል። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው፤ በሰፈር «አባ» እየተባሉ በሚጠሩበት ስም እዚህ፣ በመታወቂያ ስማቸው እዚያ። አንድ ቀብር፣ ሦስት ሟች!

አስተባባሪያችን ሦስቱንም ምንጭ ደመራቸው። ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ልክ አይደለም ስለው «አንተ መረጃ ሰብሳቢ ነህ፣ ትንተናው የእኛ ነው» አለኝ። እኔና አንድ ጓደኛዬ ግን አልተውነውም። መዝገቦቹን ጎን ለጎን ዘርግተን በቀብር ቀን፣ በቀብር ቦታና በታላቅ ልጅ ስም አንድ በአንድ አመሳከርን። ድምሩ ቁልቁል ወረደ። ሪፖርቱ የወጣው በእኛ ቁጥር ነው። ስማችን የለበትም፤ ሥራው ግን የእኛ ነው፣ እኮራበታለሁ።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1923 ጃፓንን የመታው የካንቶ መንቀጥቀጥ ለአሥርት ዓመታት 142 ሺህ ሰው ገደለ ሲባል ኖሯል። በኋላ ሲጣራ ወደ 105 ሺህ ወረደ። «ጠፋ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው «ሞተ» በሚለውም ውስጥ ተቆጥሮ ኖሯል። ኢራን ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2003 ባም ከተማ ሲመታ ከ40 ሺህ በላይ ተብሎ ነበር፤ ከወራት በኋላ ወደ 26 ሺህ ተስተካከለ። ስለዚህ ሠንጠረዥህ ላይ የጠፋውንና የሞተውን በየአምዱ ለያይ።

3. ያልተመዘገበውን ሰው አትርሳ። በቡና ለቀማ ወቅት አጋሮና ሊሙ አካባቢ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን ሠራተኛ ታውቀዋለህ። እድር የለው፣ የቀበሌ መታወቂያ የለው፤ አሠሪው እንኳ አንዳንዴ ስሙን አይዝም። በዚያ ወር አደጋ ቢመጣ ማን ይቆጥረዋል? እ.ኤ.አ. በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ለብዙ ዘመን ሟቾቹ 500 አይሞሉም ሲባል ኖረ። ዛሬ ከ3 ሺህ በላይ ናቸው ይባላል። ቻይናታውን የሞቱት ከነጭራሹ በቅጡ አልተቆጠሩም ነበር። የጎፋውንም አስታውስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የደረሰው ናዳ ነው እንጂ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ የቁጥሩ ነገር ግን ያው ነው። መጀመሪያ 55 ተባለ፣ ቀጥሎ 229፣ ከዚያ 257፤ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 500 ሊደርስ ይችላል አለ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎችን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ነፍስ ይማር። ለእርዳታ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው የዚያ መንደር የነዋሪ መዝገብ ላይ አይገኝም።

የአሜሪካ ጂኦሎጂ ተቋም መንቀጥቀጥ በደረሰ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያወጣውን ግምትም ጠቅሰሃል። እሱ ከንዝረቱ ጥንካሬ፣ ከነዋሪው ብዛትና ከቤቶቹ አሠራር የተሰላ ዕድል ነው። ሰው የቆጠረ የለም። የአደጋውን ስፋት ቶሎ ለመገመት ይረዳል፣ ከቆጠራ ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ግን አታስገባው።

አንድ ነገር ደግሞ አለህ፣ እኔ ያላገኘሁት። ዩኒቨርሲቲያችን ጅማ በግልገል ጊቤ የጥናት ጣቢያው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ዝውውር ይከታተላል። ሂድና መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ እይ። «ከአደጋው በፊት ስንት ሰው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ እዚያ ይገባሃል። የሄይቲም ግምቶች ይህን ጥያቄ አያመልጡትም።

አማካሪህ «አንድ ቁጥር» ብሎ ከጸና ሦስቱንም ከነአቆጣጠራቸው በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አድርገህ ውሰድለት። ያመሳከርንበት ቅጽ አሁንም አለኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።