ባለቤቴ ሳያማክረኝ ቁጠባችንን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ መንፈሳዊና ደግ ሰው ነው። ለልጆቻችን ትምህርት ያስቀመጥነውን ገንዘብ በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ መስጠቱን ያወቅሁት ከባንክ በመጣ መልእክት ነው። ስጠይቀው «ንብረቱ የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ ባለአደራ ነን። አንቺ እምነት ጎድሎሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በወጉ አንነጋገርም። እግዚአብሔርን የከለከልሁ ያህል ይጸጽተኛል። በእርግጥ ስስታም ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ በጻፍሽው ውስጥ ስስት አላየሁም። የበለጠ የጎዳሽ የመስጠቱ ነገር አይመስለኝም፤ የራስሽን ቤት ጉዳይ ከስልክ ላይ ማንበብሽ ነው። ሁለቱን ካልለየሻቸው ባለቤትሽ ቅሬታሽን ሁሉ ስጦታውን እንደ መቃወም ይሰማዋል፤ አንቺም ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሽ ይመስልሻል። ጸጸትሽ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ባለቤትሽ የጠቀሰው እምነት እውነት ነው። «ምድርና ሞላዋ ለእግዚአብሔር ናት» ይላል መዝሙረኛው። ነገር ግን ባለአደራ ተጠያቂ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታው መጋቢውን የጠራው ሒሳብ ሊተሳሰበው ነው። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ። በትዳር ደግሞ አደራው የሁለት ሰው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ኢየሱስ፣ ወላጆቻቸውን ሊረዱበት የሚገባውን «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» እያሉ የሚከለክሉትን አጥብቆ ገሥጿል። የልጆች ትምህርት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

የእግዚአብሔር ስም የባልና ሚስት ክርክር መዝጊያ ሲሆን ከበስተኋላው ያልተነገረ ነገር ሊኖር ይችላል። በችግር ያደገ ሰው ገንዘብ ሲጠራቀም ይጨነቅና ሲሰጥ ይረጋጋ ይሆናል። በምእመናን ዘንድ በቸርነቱ የታወቀ ሰው ደግሞ፣ ሁሉ ቃል በሚገባበት ሰዓት «ባለቤቴን ላማክር» ማለት ያሳፍረዋል። የባለቤትሽ የትኛው እንደሆነ ወይም ሌላ ምክንያት እንዳለው ከራሱ በቀር የሚነግርሽ የለም። ስለዚህ ጠይቂው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁም ባልደከማችሁበት ቀን ተቀመጡ። ከገንዘቡ አትጀምሪ። «ከባንክ ስሰማ የዚህ ቤት ሰው ያልሆንሁ መሰለኝ» በይውና ዝም ብለሽ አዳምጪው። ጥቅስ መማዘዝ ውስጥ እንዳትገቡ አደራ፤ ከላይ ያነሣኋቸውም ጸጸትሽን እንዲያቀልሉልሽ እንጂ እንድትረቺበት አይደሉም። መግባባት ስትጀምሩ አሥራታችሁ እንዳለ ይቀጥል፤ ከዚያ በላይ እያንዳንዳችሁ ሳትማከሩ መስጠት የምትችሉትን መጠን ወስኑ፤ የልጆቹ ገንዘብ ደግሞ በሁለታችሁ ፊርማ ብቻ በሚወጣ የጋራ ሒሳብ ይቀመጥ። ከእንግዲህ እኔም ደብቄ ልያዝ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ አትከተዪው፤ አንቺን ያቆሰለሽን ነገር መልሰሽ እሱ ላይ ማድረግ ይሆናል።

እምቢ ካለ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ አገልጋይ አብራችሁ አነጋግሩ። የሕንፃውን ገንዘብ ከሚያሰባስቡት አንዱ ባይሆን ይመረጣል።