የሕፃን ጭንቅላት በአንድ ጎን ዝርግ ሲሆን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ጠፍጣፋ የሕፃን ጭንቅላትና፣ ቅርጹን ለማስተካከል ውጭ አገር ሕፃናት ስለሚያደርጉት ጠንካራ የራስ ቆብ (ሄልሜት) ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ደሴ ውስጥ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ እሠራለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ልጄ አምስት ወሩ ነው፤ ከኋላ በቀኝ በኩል ዝርግ ሆኗል። አሜሪካ ያለችው እህቴ የልጇን ሄልሜት «በሰው ልላክልሽ» አለችኝ። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። የእያንዳንዱ ሕፃን ጭንቅላት ተለክቶ ለሱ ብቻ ነው የሚሠራው። ሄልሜቱ አይጨምቅም፤ ወጣ ያለውን ጎን ይይዝና በዝርጉ በኩል ክፍት ቦታ ይተዋል። ጭንቅላቱ ሲያድግ ወደዚያ ይሞላል። በቀን 23 ሰዓት ገደማ ይደረጋል፤ በየጊዜውም ባለሙያ ያስተካክለዋል። የሌላ ልጅ ከሆነ ቆዳውን ያቆስለዋል፣ እድገቱንም ያለቦታው ይይዘዋል። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለ ዳይፐር ትላክልሽ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ አባት)፦ ተበድሬም ቢሆን ውጭ ወስጄ ላሠራለት?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። 84 ሕፃናትን ለሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ ሄልሜት አደረጉ፣ ግማሾቹ ምንም አላደረጉም። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የተስተካከለላቸው ባደረጉት በኩል 26 በመቶ፣ ባላደረጉት በኩል 23 በመቶ ነበሩ። ያደረጉት ደግሞ በላብ፣ በመጥፎ ጠረንና በቆዳ መቆጣት ተቸግረዋል። እውነቱን ለመናገር በጣም የባሰባቸው ልጆች ጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። የአሜሪካ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ፣ መካከለኛና ከባድ ሆኖ በአስተኛኘትና በፊዚዮቴራፒ ላልተሻለው ሄልሜትን ይመክራሉ። የኔ አቋም፦ ለቀላሉ ዕዳ አትግባ። ከባድ ከመሰለህ መጀመሪያ ስፔሻሊስት ይየው።

ጥያቄ፦ ዝርጉ በጀርባ ከመተኛት የሚመጣ ከሆነ በሆዱ ላስተኛው?

መልስ፦ በፍጹም! አሜሪካ ውስጥ «በሆዳቸው አታስተኙ» የሚለው ምክር በ1992 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ የሕፃናት ድንገተኛ የእንቅልፍ ሞት በግማሽና ከዚያ በላይ ቀንሷል። ጠፍጣፋ ጭንቅላት የበዛውም ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ዝርጉን እመርጣለሁ። እንቅልፍ በጀርባ፣ ጨዋታ በሆድ። ነቅቶ ሳለ አጠገቡ ሆነሽ በሆዱ አስተኚው፤ ሦስት አራት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ብለሽ ጀምሪ። የደሴ ብርድ አላስችል ካለ ደረትሽ ላይ አስተኚው፣ ያው ነው። አንገቱ ከጠና ማዘልም ይረዳል፤ አንቀልባው ፊቱን እንዳይሸፍነው ብቻ።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ፣ አያት)፦ እኛ በቅቤ እያሸን ነው ያቃናነው። ምን ነውር አለው?

መልስ፦ እማማ፣ ቀስ ብለው ቢያሹት ነውር የለውም፤ መጫን ግን ይቅር። በምጥ ተጨምቆ የወጣ ጭንቅላት በቀናት ወይም በሳምንታት ራሱ ይስተካከላል፤ ምስጋናውን ቅቤው ይወስዳል። እርግብግቢቱን በተለይ አይጫኑት።

ጥያቄ፦ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ትራስ አየሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ። ያፍናል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳትጠቀሙበት ብሎ አስጠንቅቋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ወሯ ነው፤ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምታየው። ወደ ግራ ሳዞራት ታለቅሳለች።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የዝርጉ መነሻ ይኼ ነው። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ወደ ደረቷ የሚወርደው ጡንቻ አጥሮ ሊሆን ይችላል። ሄልሜት ይህን አይፈታም፤ የአንገት ማሳሳብ ነው የሚፈታው፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ጥሩ ይሆናል። አሠራሩን ባለሙያ እጅሽን ይዞ ያሳይሽ፤ በግድ አታዙሪያት። እስከዚያ አልጋዋን እይው። ግድግዳው በግራዋ በኩል ከሆነ፣ ሕፃን ግድግዳ አያይም፤ የሚያየው እናቱን ነው። ራስጌና ግርጌዋን ቀይሪ፤ አንቺን ለማየት ወደ ግራ ትዞራለች። ስታጫውቻትም በግራዋ ሁኚ።

ጥያቄ፦ አንጎሉን ይጎዳዋል? መቼ ነው መፍራት ያለብኝ?

መልስ፦ ከመተኛት የመጣ ዝርግ አንጎል አይጎዳም። የሚያስፈራው የራስ ቅሉ መጋጠሚያ ያለጊዜው ሲዘጋ ነው፤ ያ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። ከላይ ሆነሽ ጆሮዎቹን እይ። ከመተኛት ከሆነ በዝርጉ በኩል ያለው ጆሮ ወደ ፊት ይገፋል። ጆሮው ወደ ኋላ ከተሳበ፣ አናቱ ላይ የአጥንት ሸንተረር ከዳሰስሽ፣ ወይም ጭንቅላቱ ማደግ ካቆመ ሐኪም ይየው። እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ጭንቅላቱ በፍጥነት ካደገ፣ ዓይኑ ወደ ታች ብቻ ካየ ግን ነገ አትበይ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል። ለክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስትሄጂ «ጭንቅላቱን በሜትር ለኩልኝ» በይ።

ጥያቄ፦ የኔ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ትንሽ ዝርግ አለ።

መልስ፦ ለሄልሜት አልፎበታል፤ የሚጠቅመው ከዓመት በታች ነው። ልጁ ከሄደና ከተጫወተ ተዪው፤ ቀሪውን ፀጉሩ ይሸፍነዋል።