መልስ፦ የሚቆረጠው ደም ሥሩ ነው ወይስ የሽንት ቱቦው?

ወንድም ዓለም፣ ከቢቸና የጻፍከውን አየሁት። የእህትህ ቀኝ ኩላሊት አብጧል። ሐኪሙ «የሽንት ቱቦሽን ትልቁ ደም ሥር ተጭኖታል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል» ብሏታል። አንተ ደግሞ ደም ሥሩ ሊቆረጥ ነው ብለህ ፈርተሃል።

ደም ሥሩ አይቆረጥም። የሚቆረጠው ቱቦው ነው። ችግሩ አብሮ የሚወለድ ነው፤ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ በትልቁ ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው፣ ሐኪሙ ባለው ደም ሥር) ኋላ ዞሮ ያልፋል። በፅንስ ጊዜ አፈጣጠሩ የተዛባው ደም ሥሩ ነው እንጂ ቱቦውስ ጥፋት የለበትም። ብዙዎች እስከ 30ዎቹና 40ዎቹ ዕድሜ ድረስ አይታወቃቸውም።

ሐኪሙ ቱቦውን ቆርጦ ከደም ሥሩ ፊት ያመጣዋል። የጠበበ ክፍል ካለ ያስወግድና ጫፎቹን መልሶ ይሰፋል። ውስጡ ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ታዲያ የማውጫ ቀኑን እንዳትረሱ! የተረሳ ስቴንት ጠጠር ይይዛል፣ ሌላ ጣጣ ነው። እስኪወጣ ድረስ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣቱና ትንሽ ደም መቀላቀሉ የተለመደ ነው።

ደግሞ በአልትራሳውንድ ብቻ ወደ ኦፕራሲዮን አትግቡ። መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን የቱቦውን መንገድ በደንብ ያሳያል። ኩላሊቱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነም ጠይቁ፤ ጨርሶ ከደከመ ውሳኔው ሊለወጥ ይችላል። ሪፈር አጽፋችሁ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዩሮሎጂስት (የኩላሊትና የሽንት ቱቦ ቀዶ ሐኪም) ቢያያት ይሻላል።

ጎኗን እያመማት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላት ግን ጠበሉም ቀጠሮውም ይቆይ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷት።