ስለ ፍሌም ተንግ ሰይፍ፣ ስለ ጉዳት ዓይነቶችና መሣሪያ ላይ ስለሚደገም ድግምት ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። ስለ ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ (በዳይስ እየተወሰነ የሚካሄድ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ) ያቀረብከው ጥያቄ ሦስት ነገር ይዟል። ፋይተርህ (ተዋጊ ገጸ ባሕርይህ) በፍሌም ተንግ ረጅም ሰይፍ (ሲታዘዝ የሚነድ አስማታዊ ሰይፍ) ቲፍሊንጉን (የሰይጣን ዘር ያለበትን ፍጡር) ሲመታ 8 የመቁረጥና 7 የእሳት ጉዳት ወጣ፤ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) 15 ብሎ ደመረና «ቲፍሊንግ እሳት ይቋቋማል» በማለት ሁሉንም ለሁለት ከፍሎ 7 አደረገው። ቀጥሎ ዊዛርዳችሁ (አስማተኛው) እዚያው ሰይፍ ላይ ማጂክ ዌፐን የተባለውን መሣሪያ የሚያጠናክር ድግምት ደገመበት። አሁን ደግሞ ከድሮ እትም «+1» (ለመምታትና ለጉዳት አንድ የሚጨምር) አምጥታችሁ በቋሚነት ልትጨምሩበት ነው። የምትጫወቱት በፈረንጆች 2014 በወጣው የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ስለሆነ መልሴም በዚያው ነው።

1. ጉዳቱን ደምረህ አንድ ቁጥር አታድርገው። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ስንት ጥሩ መሣሪያ በዚህ ምክንያት ከንቱ ይሆናል። ቲፍሊንግ የሚቋቋመው እሳቱን ብቻ ነው። 7 ለሁለት ሲከፈል 3 (ግማሽ ሁልጊዜ ወደ ታች ይጠጋጋል)፣ የብረቱ 8 እንዳለ ይገባል፣ በጠቅላላው 11። 4 ነጥብ ያለ አግባብ ተወስዶብሃል። አምስተኛ ደረጃ ፋይተር በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ስለሚመታ ውጊያው ሲያልቅ የጠፋው ብዙ ነው። እሳት ጨርሶ የማይነካቸው ዴቭሎች (የሲኦል ፍጡራን) ላይ ደግሞ ይብሳል፦ በደመራ አሠራር ምትህ ዜሮ ይሆናል፣ በትክክለኛው ግን ሰይፉ አስማታዊ ስለሆነ 8ቱ ያልፋል።

ተቃራኒውም አለ። ትሮል የተባለው ግዙፍ ጭራቅ በየተራው መጀመሪያ 10 ነጥብ ሕይወት ይመልሳል፤ እሳት ወይም አሲድ ከጎዳው ግን የሚቀጥለው ተራ ላይ አይመልስም። እዚህ ላይ 1 ነጥብ እሳትም ይበቃል። ዲኤሙ «15 ጉዳት» ብቻ ብሎ ከጻፈ እሳት መኖሩን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «8 መቁረጥ፣ 7 እሳት» በል፤ ድምሩን ለሱ ተውለት። የገጸ ባሕርይ ወረቀትህ ላይም እንዲህ ጻፈው፦ መቁረጥ 1ዲ8+3 (አንድ ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 3)፤ እሳት 2ዲ6፣ ሲነድ ብቻ፤ ክሪቲካል (እጅግ የተሳካ ምት) 2ዲ8+3 እና 4ዲ6። ክሪቲካል የእሳቱንም ዳይስ እጥፍ ያደርጋል፣ የጉልበት ጭማሪውን ግን እጥፍ አያደርግም። ተጋላጭነት ከዚህ ይለያል፤ እሱ የዚያን ዓይነት ጉዳት ከነጭማሪው በሁለት ያባዛል። ስኬሌተን (የአጽም ጭራቅ) ለመቀጥቀጥ ጉዳት ተጋላጭ ነው፦ በሜስ (ራሱ ከባድ የብረት ዱላ) 4+3 ብትመታው 14 ይሆናል።

ቅደም ተከተሉም ቋሚ ነው፦ መጀመሪያ የሚደመርና የሚቀነስ ሁሉ፣ ከዚያ መቋቋም፣ በመጨረሻ ተጋላጭነት። 20 ጉዳት የደረሰበት ፍጡር 3 የሚቀንስለት ችሎታና መቋቋም አብረው ካሉት 17 ይሆንና ለሁለት ተከፍሎ 8 ይገባል፤ መጀመሪያ ለሁለት ከፍለህ 3 ብትቀንስ 7 ይመጣል፣ ስህተት ነው። አንድን ጉዳት በሁለት ምክንያት የሚቋቋም ፍጡርም አንዴ ብቻ ነው የሚከፈልለት፤ ሩብ የሚባል ነገር የለም።

2. አስማታዊ መሆን የጉዳት ዓይነት አይደለም። የጉዳት ዓይነቶቹ 13 ናቸው፣ «አስማታዊ» ከመካከላቸው የለም። ሰይፉ አስማታዊ መሆኑ የሚጠቅምህ ጭራቁ ላይ «አስማታዊ ካልሆነ ጥቃት» ተብሎ የተጻፈውን መስመር ለማለፍ ነው። ዌርዎልፍን (ተኩላ የሚሆን ሰው) ተራ ሰይፍ አይጎዳውም፤ አስማታዊ ወይም ብር የተለበጠ ይጎዳዋል። የብር ልባጩ ለአንድ መሣሪያ ወይም ለ10 ፍላጻ 100 የወርቅ ሳንቲም ነው፣ ግን መሣሪያውን አስማታዊ አያደርገውም። ጋርጎይል (የድንጋይ ጭራቅ) ላይ ብር ምንም አይፈይድም፤ መስመሩ የሚጠቅሰው አዳማንቲን የተባለውን ልዩ ብረት ነው። ብላክ ፑዲንግ (ዝልግልግ ጥቁር ጭራቅ) ላይ ደግሞ የአስማቱም ነገር አይሠራም፤ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የመቁረጥ ጉዳት አይነካውም ነው የሚለው። በፍሌም ተንግ ብትቆርጠው እሳቱ ብቻ ይገባል፣ ከዚያም ላይ መካከለኛ መጠን ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ 10 ነጥብ ሕይወት ካለው ለሁለት ተከፍሎ ይጠብቅሃል። ለሱ ሜስ ያዝ፤ ተራ ብረት በመታው ቁጥር ስለሚበላ ግን አስማታዊ ይሁን። (በ2025 የወጣው አዲሱ የጭራቆች መጽሐፍ ይህን «አስማታዊ ያልሆነ» የሚለውን መስመር ስላነሳው፣ ጭራቅ ከዚያ ሕግ ከዚህ እየወሰዳችሁ አትቀላቅሉ።)

3. ዊዛርዱ ድግምቱን በከንቱ ነው ያቃጠለው። ማጂክ ዌፐን የሚደገመው አስማታዊ ባልሆነ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ፍሌም ተንግ ባይነድም አስማታዊ ነው። ለጓደኛህ ተራ ሰይፍ ላይ ይድገምለት፦ በሁለተኛ ደረጃ ስሎት (ድግምት ሲደገም የሚጠፋ የአቅም ድርሻ) ለመምታትም ለጉዳትም +1፣ በአራተኛ +2፣ በስድስተኛ +3፣ እስከ አንድ ሰዓት፣ ድግምቱን ይዞ የሚያቆየው ትኩረቱ እስካልተሰበረ። እሳትና ጭማሪ አንድ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ የፓላዲን (በመሐላ የታሰረ ቅዱስ ተዋጊ) ድግምት የሆነው ኤለመንታል ዌፐን አለ፤ በሦስተኛ ደረጃ ስሎት ለመምታት +1 እና 1ዲ4 ተጨማሪ ጉዳት ይሰጣል። ያ +1 ለመምታት ብቻ እንጂ ለጉዳት አይደመርም። እሱም አስማታዊ ያልሆነ መሣሪያ ስለሚፈልግ ሁለቱን ድግምቶች መደራረብ አይቻልም።

የራስህን ሰይፍ በተመለከተ፣ መጣመር (ዕቃውን ከራስህ ጋር ማቆራኘት) ይጠይቃል፦ በእጅህ ይዘህ የአንድ ሰዓት አጭር ዕረፍት። የዕቃውን ምንነት ያወቅክበት ዕረፍት ለመጣመሪያ አይቆጠርም፣ ሌላ ያስፈልጋል። ሰይፉን ማቀጣጠል ቦነስ አክሽን (በአንድ ተራ አንዴ ብቻ የሚፈቀድ ተጨማሪ ድርጊት) ይበላል፤ ወደ አፎቱ ከመለስከው ወይም ከጣልከው ይጠፋል። ቦነስ አክሽንህን ለሌላ ነገር የምታቅድ ከሆነ የመጀመሪያው ተራ ላይ አንዱን ትመርጣለህ።

4. «+1» ከሦስት ነጥብ አምስት እትም አምጥቶ መለጠፍ አይመከርም። እዚያ ሥርዓቱ ሌላ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ ማስተርወርክ (በልዩ ጥራት የተሠራ) መሆን አለበት (300 ወርቅ)፣ ከዚያ +1 ሳይኖረው ምንም ዓይነት ኃይል አይጨመርበትም፣ ነበልባልም እንደ አንድ ጭማሪ ይቆጠራል፤ ዋጋው የጭማሪዎቹ ድምር በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ2000 ይባዛል። ነበልባል ያለው +1 ረጅም ሰይፍ 8315 ወርቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። የዚያ ነበልባል 1ዲ6 ብቻ ነው፣ በክሪቲካልም አይታጠፍም። የናንተው ግን 2ዲ6 ነው፣ ይታጠፋል፣ የመሣሪያ ጭማሪም ሆን ተብሎ አልተሰጠውም። ሁለቱን ስትቀላቅሉ ከሁለቱም የሚጠቅመውን ብቻ ወስዳችሁ ዋጋውን አልከፈላችሁም፤ ከጎንህ የሚዋጋው ጓደኛህም ወዲያው ያንስብሃል።

የግድ +1 ካላችሁ ውሳኔው የዲኤሙ ነው። እንዲህ ብላችሁ ተስማሙ፦ ሰይፉ +1 ይሁን፣ እሳቱ ወደ 1ዲ6 ይውረድ፣ መጣመሩ ይቅር እንዳይባል፤ ከሦስቱ የመጣመሪያ ቦታዎችህ አንዱን መያዙን ይቀጥል።