ዘይት ያነሰው ሽሮ

ጥያቄ፦ ዘይት ስለተወደደ ለአራት ሰው ሽሮ የምሠራው በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። ግን ይጓጉላል፣ ጥሬ ጥሬም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥፋቱ የዘይቱ አይደለም፤ 2 ማንኪያ ይበቃል። ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት ያቁላሉ፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ ይስጡት። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ቡናማ መሆን ሲጀምር ነው። ምጥን ሽሮ ከሆነ ሌላ በርበሬ አያስፈልግም።

የሚጓጉለው ዱቄቱ በደረቁ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲጣል ነው፤ ውጪው ወዲያው በስሎ ውስጡን ደረቅ ዱቄት ይዘጋበታል። 1 ብርጭቆ ሽሮ በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡ። ቁሌቱ ላይ 3 ብርጭቆ ውኃ አፍልተው፣ እያማሰሉ ብጥብጡን ያንቆርቁሩበት።

ጥሬ ጥሬ የሚለው ደግሞ ቶሎ ስለሚወጣ ነው። ሽሮ በ5 ደቂቃ ይወፍራል፤ ወፈረ ማለት ግን በሰለ ማለት አይደለም። በለስላሳ እሳት 25 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከወፈረብዎ ሙቅ ውኃ ይጨምሩ። ውኃው እየተነነ ስለሚሄድ ጨው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ ጨምሮ መዓዛውን ያጠፋዋል። አራት ፍንካች ወቅጠው፣ ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ጣል ያድርጉበት።