ጥያቄና መልስ፦ ዕድሜ የጠገበ ስቴሽን ዋገን ልግዛ ወይስ ልተው?

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፦ የሦስት ልጆች አባት ስሆን፣ የምተዳደርበት የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ሥራ ትልልቅ ሣጥኖችን በየጊዜው ማመላለስን ይጠይቃል። ለዚህ የሚሆን መኪና ሳፈላልግ እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ፣ ባለ 2.3 ሊትር የቤንዚን ሞተርና በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለው ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን አገኘሁ። ቆጣሪው 214,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ሻጩ መኪናውን በቅጡ እንደያዘው ቢነግረኝም ላለፉት ሁለት ዓመታት ሳይነዳ መቆሙን አልደበቀኝም፤ በግራ በኩል ከኋላ ጎማው በላይም ቀለሙ ሁለት ቦታ ላይ አብጦ አይቻለሁ። ባለቤቴ በዚህ ገንዘብ አነስ ያለ፣ ግን የቅርብ ጊዜ ሥሪት የሆነ መኪና ብንገዛ ይሻለናል ትላለች፤ እኔ ደግሞ ስፋቱንና ጥንካሬውን አይቼ ልቤ ሸፍቷል። ልግዛው ወይስ ልተወው? የሄደው ኪሎ ሜትርስ አልበዛም?

መልስ

በደብዳቤዎ ከጠቀሷቸው ነገሮች ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ኪሎ ሜትሩም የመኪናው ዕድሜም ሳይሆን የቀለሙ እብጠት ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይለወጣል፤ በዝገት የተበላ ገላ ግን በዚህ ዕድሜ ላለ መኪና ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ያስወጣል፣ ተጠግኖም እንደቀድሞው አይሆንም። ቮልቮ 240 ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይደው አንድ ላይ ጭነቱን የሚሸከሙ ናቸውና የላሜራው ጤንነት የመኪናው ጤንነት ነው። ዝገት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቀለሙ ሲያብጥ የሚታየው የመጨረሻው ምልክት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ስለዚህ መኪናው በሊፍት ተነሥቶ ከሥሩ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ነገሩን በዚያው ይተዉት። ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች፣ የኋላው አክስል ከገላው ጋር የሚያያዝባቸውን መጋጠሚያዎች፣ የወለሉን ጠርዞች በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እያደረጉ ያዳምጡ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው፣ ጫን ሲሉትም ይሰረጉዳል። ስሱ ጨርቅ የተጠቀለለበት ማግኔት ይዘው በፓራፋንጎው ላይ ቢያንሸራትቱ ደግሞ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ አይስብም። ከዚያም የኋላውን በር ከፍተው ምንጣፉን ያንሡና ተጠባባቂው ጎማ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ይዩ። በስቴሽን ዋገን ላይ ውኃ የሚሰርገው በኋላው በር መስታወት ላስቲክና በኋላ መብራቶቹ ዙሪያ ስለሆነ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው እርጥበት ሥራውን የሚሠራው ማንም በማያየው በዚህ ቦታ ነው። የደኅንነት ቀበቶዎቹ ከገላው ጋር የሚታሰሩባቸውንም ነጥቦች አይዝለሉ። ዝገቱ እዚያ ወይም አክስሉ በሚያያዝበት ቦታ ደርሶ ከሆነ ዋጋ አስቀንሶ መግዛት አያዋጣም፤ መኪናውን አይግዙት።

ወደ ኪሎ ሜትሩ ስመለስ፣ ቁጥሩ እርስዎ እንዳሰቡት አያስፈራም፤ ነገር ግን ቁጥሩን ራሱን ማመን ያስቸግራል። በዚህ ሞዴል ቆጣሪ ውስጥ ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በዕድሜ ብዛት ትሰበራለች፤ ስትሰበር የፍጥነት መለኪያው እንደወትሮው ሲሠራ ኪሎ ሜትሩ ግን ባለበት ይቆማል። ብዙ ባለቤቶች ደግሞ ይህን ሳያስጠግኑ ለዓመታት ይነዳሉ። ለሙከራ ሲነዱት የመጨረሻው አሃዝ መንቀሳቀሱን ይከታተሉ፤ ከዚያ በላይ ግን የጥገና ደረሰኞችን ጠይቀው በየጊዜው የተመዘገበው ኪሎ ሜትር በቅደም ተከተል እየጨመረ መምጣቱን ያረጋግጡ። በተከታታይ የተያዘ የደረሰኝ ክምችት ያለው 300,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና፣ ምንም ወረቀት ከሌለው 150,000 ከሚያሳይ መኪና ይበልጥብኛል። ይህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት 400,000 ኪሎ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም። የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጋ በጉዞ ላይ ቢበጠስ እንኳ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር አይጋጩም፤ ቺንጋው ሲበጠስ ሞተራቸው የሚወድም መኪናዎች ብዙ በመሆናቸው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ያም ሆኖ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልተረጋገጠ ከገዙ በኋላ መጀመሪያ የሚያስቀይሩት እርሱን ይሁን።

ሞተሩን የሚፈትሹት ቀዝቃዛ ሳለ ነው። እርስዎ ከመድረስዎ በፊት እንዳያስነሣው ሻጩን ይለምኑት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ሲነሣ ለአፍታ ታይቶ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት በቫልቮቹ ማኅተም በኩል እንደሚያልፍ ያመለክታል፤ ይህ ሊታገሡት የሚችሉት ነገር ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ግን የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደሮቹ እየገባ መሆኑን ስለሚናገር ከባድ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ጭስ በግፊት የሚወጣ ከሆነ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሞተር ላይ የተለመደ፣ በርካሽም የሚጸዳ ጉድለት ነው። ከጸዳ በኋላ ግፊቱ ካልቀነሰ ግን የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋልና መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለክቶ ያነጻጽር።

በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል የ1991 ሥሪት መሆኑ ይጠቅምዎታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ 240ዎች የሞተር ክፍል ሽቦዎቻቸው ሽፋን በሙቀት እየተፈረፈረ ባለቤቶቻቸውን አስቸግሯል፤ የእርስዎ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ከኋላው በር ማጠፊያ አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ግን በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፉ በስተመጨረሻ ይበጠሳሉ፤ የኋላውን መጥረጊያ፣ የሰሌዳውን መብራትና የመስታወቱን ማሞቂያ አንድ በአንድ ያብሩ።

ሁለት ዓመት መቆሙ መኪናውን ከመግዛት አይከለክልም፤ ሆኖም ዋጋው ላይ ሊታሰብ ይገባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ የፍሬኑ ፒስተኖች ይጣበቃሉ፣ ቤንዚኑ ይበላሻል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ያልተበላ ቢመስልም ጎናቸው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠሩበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ዓመቱን ይነግሩዎታል። ከ10 ዓመት በላይ ከሆናቸው ለልጆችዎ ሲሉ አይጓዙባቸው።

እዚህ ላይ ስለ ስቴሽን ዋገን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። የኋላው ቅርጽ ቀጥ ያለ በመሆኑ መኪናው ሲጓዝ ከበስተኋላው የአየር ግፊት ይቀንስና ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ወደ በሩ ይሳባል። የበሩ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ረጅም ሣጥን ለመጫን ተብሎ በሩ በከፊል ተከፍቶ ከተነዳ፣ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተሳፋሪዎቹ ያሉበት ክፍል ይገባል። እርስዎ ሣጥን የሚጭኑ፣ ልጆችም የሚያሳፍሩ ሰው ስለሆኑ ላስቲኩንና የማርሚታውን መስመር ያስፈትሹ፤ በሩን ከፍተውም በፍጹም አይንዱ። ሣጥኖቹም ከመቀመጫው ጀርባ ተጠግተው፣ ዝቅ ብለውና ታስረው ይቀመጡ፤ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ያልታሰረ ከባድ ሣጥን ወደ ፊት ይወረወራል። በርካታ ዓመታት ጭነት የተሸከመ የኋላ ሞላ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ መኪናው ባዶውን ሆኖ ኋላው ዝቅ ማለት አለማለቱን ከጎን ርቀው ይመልከቱ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ፤ ሐሳባቸው እውነት አለበት። 240 በዘመኑ በደኅንነት የተመሰገነ መኪና ነበር፤ ሆኖም መኪና ሲንሸራተት ራሱ የሚያረጋጋው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት የለውም፣ የልጅ መቀመጫ በቀጥታ የሚገጠምበት የኢሶፊክስ መንጠቆም የለውም፤ የኢሶፊክስ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና። የልጆቹን መቀመጫ በቀበቶ ማሰር ይቻላል፣ ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሦስት ልጆች ጎን ለጎን ሲቀመጡም የመካከለኛው መቀመጫ ቀበቶ ትከሻንም የሚይዝ ይሁን ወገብን ብቻ፣ ሳያዩ አይግዙ። ልጆቹ በየቀኑ በፈጣን መንገድ የሚጓዙበት ብቸኛ መኪናችሁ የሚሆን ከሆነ እኔም ከባለቤትዎ ጋር እስማማለሁ። መኪናው በዋናነት ለሥራዎ የሚውል ከሆነና መለዋወጫ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት ያለ እርሱ መሥራት የሚችሉ ከሆነ ግን፣ ከሥሩ ጤነኛ ሆኖ እስከተገኘ ድረስ ይግዙት እላለሁ። ከመግዣው ዋጋ ሢሶ የሚያህል ገንዘብ ለቺንጋ፣ ለጎማና ለፍሬን አስቀድመው ይያዙ፤ እነዚህ ሳይሠሩም ልጆቹን አያሳፍሩ።

ለሊፍትና ለመካኒክ ከመክፈልዎ በፊት ግን 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የመኪናውን መለያ ቁጥር ከገላው ላይ አንብበው ሻጩ ከያዘው የባለቤትነት ወረቀት ጋር ያመሳክሩ። አንዲት አሃዝ እንኳ ብትለያይ ምርመራው አያስፈልግም፤ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።