ጎቢ ማንቹሪያን ለምን ይለሰልሳል?

ጥያቄ፦ ለጾም እንግዶቼ ጎቢ ማንቹሪያን፣ ማለትም ሕንዶች በቻይና አሠራር የሚያዘጋጁትን አበባ ጎመን፣ እሠራለሁ። ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም ይላል፤ ገበታ እስኪቀርብ ግን ይርሳል፣ ሊጡም ይላቀቃል። ምን አጎደልኩ? ቀይ ቀለምስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ የሚያረጥበው ውሃ ከጎመኑም ከሶሱም ይመጣል። ከጎመኑ እንጀምር። ግማሽ ኪሎ አበባ ጎመን አውራ ጣት በሚያህል ዘለላ ይከፋፍሉና ጨው ባለው የፈላ ውሃ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻ ያቆዩት። ከዚያ ካለፈ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠበስ እንፋሎቱ ሊጡን ከውስጥ ገፍቶ ያላቅቀዋል። አጥልለው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው 20 ደቂቃ ያድርቁት። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ነስንሰው ያገላብጡት፤ ሊጡ እንዲይዝ ያደርጋል።

ለሊጡ 60 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 60 ግራም ስታርች፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቅመም ያልገባበት የበርበሬ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። 120 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ ዘለላውን ሸፍኖ የማይንጠፈጠፍ ሊጥ ያድርጉት። ስታርች ስንል ለገንፎ የሚሆነው የበቆሎ ዱቄት አይደለም፤ እሱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ፉርኖ ብቻውን ደግሞ በግሉተኑ (ሊጡን በሚያለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን) የተነሳ ቶሎ ይለሰልሳል። ስታርች ከጠፋ የሩዝ ዱቄት ይተካዋል።

ሁለት ጊዜ ይጥበሱ። መጀመሪያ በ170 ዲግሪ ለ4 ደቂቃ፤ አውጥተው ያሳርፉት፣ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ይውጣ። ቀጥሎ በ190 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ ተኩል ያህል። መጥበሻውን አያጨናንቁ፤ ዘይቱ ከቀዘቀዘ ሊጡ ዘይት ይመጥጣል።

ለሶሱ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ላይ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በኃይለኛ እሳት ቶሎ ያቁላሉ። 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል ሶይ ሶስ፣ 2 ካቻፕ፣ 1 የቃሪያ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ፤ በመጨረሻ 1 የሻይ ማንኪያ ስታርች በ4 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩ። ሶይ ሶሱ ጨዋማ ስለሆነ ጨው አይድገሙ። ሶሱ አብረቅርቆ ማንኪያ ላይ ሲይዝ እሳቱን ያጥፉ፣ ጎመኑን ጨምረው ግማሽ ደቂቃ ያገላብጡና ወዲያው ያቅርቡ። ቀጭን ሶስ ካለዎት የቀደመው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀለሙን ይተዉት፤ በርበሬውና ካቻፑ ይበቃሉ። የሕንዷ ካርናታካ ግዛት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በዚህ ምግብ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቀለም መጨመርን የከለከለችው፣ ለጤና አደገኛ የሆኑ ሰው ሠራሽ ቀለሞች በናሙናዎች ስለተገኙ ነው።

እንግዶቹ የሚዘገዩ ከሆነ የመጀመሪያውን ጥብስ አስቀድመው ጨርሰው ሳይከድኑ ያቆዩት፤ ሁለተኛውን ሲደርሱ ይጥበሱ።